ውስጥ እግር

ሐኪሟ በውስጥ እግር ላይ የሚወጣውን፣ እምብዛም የማይታይ ግን ፈጥኖ የሚገድል የቆዳ ካንሰር ለማጥናት ቤት ለቤት ትዞራለች። እማማ ደብሪቱ ግን ጫማዬን አላወልቅም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ባለቤታቸውን የነጠቃቸው ይኸው በሽታ ነው፤ የራሳቸውን እግር ማየት ፈርተዋል።

«እማማ፣ ቶሎ ከተደረሰበት እኮ ይድናል» ብትላቸውም በጄ አላሉም።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ አሳዪኝ!»

ሐኪሟ ሳቀችና ጫማና ካልሲዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋችላቸው። እማማ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው አዩ። ከተረከዟ አጠገብ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ጉድፍ መስላቸው በአውራ ጣታቸው ፈተጓት። አልለቀቀችም።

«ምነው እማማ?»

እግሯን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ልጄ… የባለቤቴም ሲጀምር እንዲህ ነበር።»