ስም፣ ምልክት፣ ፎቶ፣ ኮድ

ሦስተኛው ስላይድ ላይ ያለው ፎቶ የአንድ ጢማም ሰውዬ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን የስድስት ዓመት ልጅ ስም። ጸሐፊዋ አራተኛውን ከፈተች፣ አምስተኛውን፣ ሃያኛውን። አንዱም ፊት ከስሙ ጋር አልተገናኘም።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ጎርፉ የገበያውን ሰፈር ጠራርጎ ከሄደ አራት ቀን ሆኖታል፤ የጠፉትን ስድሳ አራት ሰዎች ሰንጠረዥ ላይ ስትመዘግብ የሰነበተችው እሷ ናት። አንዱ ዓምድ ስም፣ አንዱ የአካል ምልክት፣ አንዱ ፎቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ በስልክ ካሜራ ሲታይ የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር የሚያወጣ ኪውአር ኮድ ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከየረድፉ አንድ አንድ ስላይድ ይሠራል። ጠዋት ኃላፊዋ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ቶሎ ቶሎ» እያለ የሚያማው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ «ስሞቹን በፊደል ተራ አድርጊያቸው፣ ቶሎ!» አላት። አደረገች። ለካስ የመረጠችው ስሙንና ምልክቱን ብቻ ኖሯል። እነዚያ ተራቸውን ይዘው ሲሰለፉ ፎቶዎቹና ኮዶቹ ባሉበት ቀሩ። እሷም እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር የሰነበተች ናትና ልብ ሳትል አስቀምጣ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የየሆስፒታሉ ነርሶች ስላይዶቹን ያያሉ። ከጭቃ የወጡ፣ ፊታቸው ያበጠ፣ መናገር ያቃታቸው ሰዎች አልጋ ላይ አሉ። ዛሬ በምልክታቸው የሚለያቸው ካልተገኘ ነገ ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚደርስባቸው እንጃ። ከስድሳ አራቱ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ኃላፊዋ «ቶሎ ቶሎ» ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ፎቶውና ኮዱ አልተለያዩም። ኮዱን እያነበብኩ ልደውልና ማን እንደጠፋባቸው ልጠይቅ።»

«ስድሳ አራት ሰው? አሁን?»

«ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?»

ስልኳን የመጀመሪያው ስላይድ ጥግ ላይ ወዳለው ኮድ አስጠግታ ደወለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ቤተሰቦች ከሚጠብቁበት አዳራሽ፣ ስልክ ጮኸ።

«አቤት! ተገኘ? ልጄ ተገኘ?» የአንዲት እናት ድምፅ በስልኩም በግድግዳውም መጣ።

ይሄን አላሰበችበትም ነበር።

«አልተገኘም እማማ። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ስሙንማ ነግሬሽ የለም እንዴ የኔ ልጅ? ስትጽፊው አይቼሽ የለም?»

«ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ የልጃቸውን ስም እስከ አያቱ ጠሩላት። ከዚያ በኋላ ስልኩን አልዘጉትም፤ ሲተነፍሱ ይሰማታል። የዘጋችው እሷ ናት።

«ቶሎ ቶሎ» አዳራሹ ገብቶ «የሚደወልላችሁ ስም ለማጣራት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ!» ብሎ ለፈፈ። ማን ሰምቶት! ስልክ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰው ብድግ ይላል፤ ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ አባት ሃሎ እንኳ ሳይሉ «በሕይወት አለች?» አሉ። አንድ ወጣት «እንዲህ ሰው ታስደነግጫለሽ? ትንሽ አታፍሪም?» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ስድቡ ተገቢ ነው ብላ ደግማ ደወለችለት። የእህቱን ስም ሊነግራት ጀመረና ሳይጨርስ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ስምንት ተኩል ሲሆን አርባ ስድስቱን መልሳ አገናኝታለች። ፊቶቹን ማየት ትታለች። ካየች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ሰዓቱ ይሄዳል። ዓይኗ ከስላይዱ ጥግ፣ ከኮዱ አይነሳም።

አርባ ሰባተኛውን አነበበችና ደወለች። መስመሩ ተይዟል። ደገመች። ተይዟል።

«ኧረ በዚህ ሰዓት ከማን ጋር ነው የሚያወሩት!» አለች በንዴት።

ሦስተኛ ልትሞክር ስትል ቁጥሩን አየችው። የራሷ ነው።

ቀና አለች። ወንድሟ ከስክሪኑ ላይ ያያታል። ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ናት፤ እንዳይስቅ ብትለምነው ሳቁን አፍኖ ጉንጩን የነፋበት ነው። እንደ ሌላው ሰው ፎቶ ሁሉ ልታልፈው ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስንት ቀረሽ?» አለ ኃላፊዋ ከበሩ።

«አስራ ሰባት፤ ከዚህኛው ጋር አስራ ስምንት።»

ፊቷን አይቶ «ቶሎ» ሳይላት ተመለሰ።

ስሙን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። አጠገቡ «ግራ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ» ይላል። ሁለቱንም ገልብጣ ከፎቶው ሥር መለሰቻቸው። ጠባሳው የእሷ ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በብይ ተጣልተው ድንጋይ ወርውራበት ነው። ደሙ አልቆም ብሎ ስንት አልቅሳለች፤ እስከ ጎርፉ ቀን ድረስ ባየችው ቁጥር ሲጸጽታት ኖሯል።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ አሳረፈች።

«እንኳን ወረወርኩት» አለች።