አሥራ አራት ቀን በአልጋ

ደረቷን የሚወጋትን ነገር የትኛው ማሽን ያየዋል? ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ አስባለሁ።

የልጅ ልጄ ስጦታ ከወለደች ዛሬ አሥራ አራት ቀኗ ነው። ትራስ ተደግፋለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የጎረቤታችን ልጅ ደምለው፣ ሆስፒታል የሚሠራው፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ ባቶቿን በሜትር ይለካል። ግራው አብጧል።

«ራጅ ተነሥታ ትመለስ» እላለሁ። «እሱ ቶሎ ያልቃል።»

«ሳንባ ውስጥ ደም ረግቶም ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል እናና» ይላል ደምለው። « በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው፤ ጎንደር፣ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ።»

«ቀለም? የሚጠባው ሕፃንስ?»

«አይጎዳውም፤ ታጠባዋለች። ጨረሩ ለጡት የሚቀል ሌላ ምርመራም አለ፤ እዚህ አካባቢ ግን የለም። ስለዚህ መጀመሪያ እዚሁ ደባርቅ እግሯን በአልትራሳውንድ እናያለን። እግሯ ላይ የረጋ ደም ከተገኘ መድኃኒቱ ለሳንባውም ያው ነው፤ ጎንደር ሳንጠብቅ እንጀምራለን።»

«ነገ ይሁን። አራስ ናት፤ ምች ይመታታል።»

«ምቹ በየት በኩል ይግባ እናና?» ትላለች ስጦታ። «መስኮቱን በጋቢ ደፍነሽው!» ሳቋን ሳልዋ ይቆርጠዋል።

ደምለው ፈገግ ይልና ወዲያው ይተወዋል። «ከአልጋ እየወረደች ወዲያ ወዲህ ትል ነበር?»

«እንዴታ!» እላለሁ።

ስጦታ ታየኛለች።

ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ለምን እንደጠየቀ ይገባኛል፤ ሳይነቃነቁ ተኝቶ መክረም ደም ያረጋል። እግርሽን ገጥመሽ ተኚ ያልኋት እኔ ነኝ። ልትነሣ ስትል «ወገብሽ ሳይጠና!» ብዬ ትከሻዋን ይዤ የመለስኋት እኔ ነኝ። ፖፖውን ሳይቀር አልጋዋ ሥር ያቀረብሁላት እኔ።

«እንግዲያስ…» ይላል ደምለው፤ ባቷን ደግሞ ያየዋል።

«ውሸቴን ነው» እላለሁ። «ከሆስፒታል ካመጣናት ጀምሮ አንድም ቀን እንድትወርድ አልፈቀድሁም።»

አይቆጣኝም። ስልኩን አውጥቶ ባጃጅ ይጠራል። «አሁኑኑ። በር ድረስ ግባ፤ መራመድ የለባትም።»

«ክርስትናው ሳይደርስ…» እጀምራለሁ፤ አልጨርሰውም።

ስጦታ ሕፃኑን ጭኔ ላይ ታስተኛዋለች። እግሮቿን መሬት ታወርዳለች። ያበጠው እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ይላል። ጎንበስ ብላ የእኔን ሰፊ ኮንጎ ጫማ ትስባለች፤ እግሬን አነሣላታለሁ።

ባጃጁ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ደምለው ክንዷን ይደግፋታል። በእኔ ጫማ ትወጣለች።