የወንዝ መሐል ሶላት

"አባባ፣ እዚህ ዳር ላይ ይስገዱ እንጂ! ክረምት ነው እኮ፣ ይሄ ወንዝ አይታመንም።"

"ተይኝ እስቲ ልጄ! የበሽሎን ወንዝ ልጅ በዚች ታስፈራሪዋለሽ? ሰማዩን እዪው፣ ቁራጭ ደመና የለውም!" ሐጂ ይመር እየሳቁ በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረው ወንዙ መሐል ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ መስገጃቸውን ዘረጉ። የወሎ ሽማግሌ ወንዝ ካየ ማን ያስቆመዋል! ዊዳድ ጫማቸውን ይዛ ዳር ቀረች።

የባሏ የኢብራር አባት ናቸው። ለጆሯቸው ሕክምና ኮልፌ ከመጡ ጀምሮ የመኪናው ብዛት አፍኗቸው "ያገራችሁን ወንዝ አሳዩኝ" ሲሉ ከረሙ። ኢብራር ዛሬ ሱቁን ትቶ መውጣት ስላልቻለ "አባቴን አደራ" ብሎ ላካቸው። ፏፏቴውን አዩ፣ ገደሉ ላይ ከተንጠለጠሉት ጦጣዎች ጋር ተሰዳደቡ፣ ውሃው አዋሽ ድረስ እንደሚሄድ ጆሯቸው ሥር ጮክ ብላ ስትነግራቸው "ጉድ በል!" ብለው እንደ ልጅ ተደሰቱ። የዐስር ሶላት የደረሰው እዚህ አለት አጠገብ ነው።

አንድ ባዶ ሃይላንድ አለቱን ታክኮ አለፈ። ሌላ ተከተለው። ወዲያው ውሃው በሃይላንድና በፌስታል ተሸፈነ።

ዊዳድ ቀና ብላ ወደ ላይኛው ወንዝ አየች። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል፤ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ከላይ ቡራዩ ከዘነበ ወንዙ ቆሻሻውን ያስቀድማል፣ ደራሹ ጎርፍ ከኋላ ነው።

"አባባ! ደራሽ! ደራሽ መጣ!"

ሐጂ ይመር አጎነበሱ። ፊታቸው ወደ ላይኛው ወንዝ ነው፣ ዓይናቸው ግን ከመስገጃው አልተነሳም።

መሻገሪያው አለቱን የሚነካው በፊታቸው በኩል ነው። ሰጋጅ ፊት አይታለፍም! ይሄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቁንጥጫ ነው የተማረችው። አንዲት ረከዓ ቀርታቸዋለች፣ ልጠብቅ ይሆን? ጠበቀች። ፈሪ! ውሃው ቀላ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ አንዳች ነገር አጓራ። ኢብራርን ምን እለዋለሁ?

"ያ አላህ፣ ማረኝ!" ጫማውን ጥላ ዘለለች።

በፊታቸው አልፋ፣ ግንባራቸውን ደፍተው ሱጁድ ላይ እንዳሉ ብብታቸው ሥር ገብታ አነሳቻቸው።

"ምነው! ምነው ልጄ፣ አበድሽ እንዴ!" ተቆጥተው ቀና አሉ። ያኔ አዩት። የእጇን አንጓ ጨብጠው ተከተሏት። ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት ያዘ፤ የመጨረሻውን ድንጋይ በዳበሳ ረግጠው ሣሩን እየቧጠጡ ዳገቱን ወጡ።

ዞር ሲሉ አለቱ የለም። መስገጃው አንዴ ዞሮ ከሃይላንዶቹ ጋር ነጎደ። ውሃው ከሥራቸው ምድሩን እያንቀጠቀጠ ያልፋል።

ሐጂ ይመር ቆመው አዩት።

"ልጄ" አሉ፣ "ምንም አልሰማሁም እኮ።"

ዊዳድ ማልቀስ ጀመረች። "ፊትዎን አቋረጥኩ፣ አባባ። ሶላትዎን አበላሸሁት።"

"ይደገማል፣ ምን ችግር አለው።" እርጥብ ሣር ላይ ፊታቸውን ወደ ቂብላ መለሱ። እጇን ግን አልለቀቁም፤ መያዛቸውንም ያወቁት አይመስልም። "አላሁ አክበር" ብለው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሱ፣ የዊዳድም እጅ አብሮ ተነሳ።