ትንሽ ቀርቶሃል

ሱቁን ሊያፈርስ የመጣውን የኤክስካቫተር ሹፌር፣ ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ «ጢምህ እንዲህ አድጎማ አታፈርሰኝም» ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀምጦት ነበር። በዙሪያው የነበረው ገበያ ፈርሶ አልቋል። ሽማግሌው መስታወቱን አስቀድሞ ስላወረደው፣ በልማድ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ባዶ ግድግዳ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ብሩሹን አነሳ።

«አባባ፣ ይሄን ጉንጭ እኮ ሁለቴ ላጩት። አለቃዬ በስልክ መድረሻ አሳጣኝ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። ትንሽ ቀርቶሃል።»

ሹፌሩ ጉንጩን ዳሰሰ፤ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ሽማግሌውን አየ፤ ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ ባዶውን ግድግዳ ያያል። ስልኩን አጠፋና አንገቱን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገ። «እውነትዎን ነው፤ ቀርቶኛል» አለ።

ሽማግሌው ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አዞረ፤ ደግሞ አዞረ። ሳሙናው አልቋል።