በሁለት ሰርቨር መካከል የቀረ ስም

የሶፍትዌር ባለሙያዋ ዝላትካ የንቅለ ተከላ ወረፋውን የስህተት መዝገብ ስትገልጥ ቆይታ አንድ ስም ላይ ስትደርስ ክው ትላለች። ገንቾ ሩስኮቭ፣ የኩላሊት ተራ ጠባቂ፣ ከፕሎቭዲቭ ከተማ ወደ ቫርና የተዛወረ። ከፕሎቭዲቭ ዝርዝር ተሰርዟል፤ ቫርና ላይ አልተጻፈም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ሰውዬው የትም ወረፋ አልነበረውም። ከእሱ በታች ሌሎች ስሞች አሉ፤ ወደዚያ ለመውረድ አቅም ታጣለች።

የዝውውሩ ሥራ ሲታይ ቀላል ነበር። አንዱ የሶፍትዌር ክፍል በአንዱ ከተማ ስም ይሰርዛል፣ ሌላው ክፍል በሌላው ከተማ ይጽፋል። ማዕከላዊው ሰርቨር ሁለቱን አስሯቸዋል፤ አንዱ ካልተሳካ ሌላውም እንዳልተሠራ ይመለሳል። የቫርና መስመር በየሰዓቱ እየተቆረጠ ጸሐፊዎቹ በሚወጣባቸው ቀይ የስህተት ጽሑፍ ሲማረሩ፣ ዝላትካ አንድ አርብ ከሰዓት ሁለት መስመር ጨመረችበት፦ ስህተት ከመጣ መዝገብ ላይ ጽፈህ ዝም ብለህ ቀጥል። ስህተቱን ያልሰማው ሰርቨር ስሙ ቫርና ላይ ሳይጻፍ መሰረዙን አጸደቀ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፤ ቢሮውም ኬክ ገዛላት።

"ሰውዬው ሲደውል ማሽኑ ነው በይው" ይላታል አለቃዋ ስቶይመን፣ ከኋላዋ ቆሞ።

"የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ደግሞ! አሁን ጻድቅ የምትሆኚበት ሰዓት ነው? መልሰሽ አስገቢውና ይለቅ።"

"ሳስገባው የዛሬን ቀን ነው የሚሰጠው፤ ከወረፋው መጨረሻ ይሆናል። ቀኑን ጉቦኛ እንዳይነካው ብለን እኛው ራሳችን ቆልፈነዋል። ቀን የሚቀይረው የንቅለ ተከላ ኮሚሽኑ ብቻ ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰበው።"

 ዝላትካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

ስልኩ ይጮኻል። ትናንት ደውሎ ተራዬን ንገሩኝ ያለው ገንቾ ራሱ ነው።

"ልጄ፣ እያጣራሽልኝ ነው አሉኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። ደም ማጠቢያው ላይ ተኝቼ ነው የምደውለው፤ አራት ሰዓት ሙሉ ሥራ የለኝ፣ ሰው ልበጥብጥ ብዬ!" ይስቃል።

"አባባ ገንቾ..."

"ባለቤቴ አታስቸግራቸው ስትለኝ ነበር። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ከፕሎቭዲቭ ስወጣ ዘጠነኛ ነበርኩ። አሁን ስንተኛ ደረስኩ?"

ሌላ አንድ ቀን እንኳ እንዳያልፈው ዝላትካ ስሙን ቫርና ላይ አስገብታ ቁልፉን ትጫናለች። የተራው ቁጥር ወዲያው ይወጣል፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

"ሃሎ? አልወጣም እንዴ?" ይላል ሰውዬው። "ግድ የለም ልጄ፣ ቀስ ብለሽ እይው። እኔ እጠብቃለሁ።"