ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ

የሜቲ ባል በሕይወት ሳለ ከእጁ የማይለያትን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ፣ ወንድሙ ሊሸጣት ነቀምቴ ገበያ አንድ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ሜቲ “አትሸጥም” ማለት ስላልደፈረች፣ ጠጋኙ ካሜራዋን እንዲንቃት ተመኘች።

“ይቺ ዘገምተኛ ናት፤ የምታነሳው ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው” አለ ጠጋኙ።

“እውነትህን ነው” አለች ቶሎ ብላ። “ፍላሿም ፊት ያነጣል። ባትሪዋ ጉቴ ሳንደርስ ነው የሚያልቀው። ሲመሽማ ጭራሽ አታሳይም።”

“አዴ፣ ሊሸጧት ነው ሊያሟት የመጡት?” ብሎ ሳቀ። የባሏ ወንድም ገላመጣት።

“በቃ፣ ለመለዋወጫ እወስዳታለሁ” አለና ጠጋኙ ካቻቢቴውን አነሳ።

“ቆይ” አለች ሜቲ። “አሳምራ እኮ ነው የምታነሳው።”

ጠጋኙ ግን የፈታውን ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ ሁለተኛውን መፍታት ጀምሮ ነበር።