ኮፈኑ ላይ የቀረው ማስቲሽ

አሮጌዋ ላንድሮቨር ንፋስ መውጫ የደረሰችው ሐሙስ ጠዋት፣ በጭነት መኪና ተጎትታ ነው። ከወገዳ እስከዚያ ድረስ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጥሷል። አለሙ የመኪና ቆርቆሮ ከሚያቃናበት ባትላሜራ ቤቱ ወጥቶ ዙሪያዋን ዞሮ አያት። ከዚያ "አስገቧት" አለ።

የመኪናዋ ባለቤት ዝናሽ ናት። አባቷ ሾፌሩ ሙላት ባለፈው ጥቅምት ሞቷል። የንስሐ አባቷ መምሬ ጥጋቡም አብረዋት መጥተዋል።

"ምኗ ነው የሚሠራው?" አለ አለሙ።

"ኮፈኑ ላይ ያለውን ማስቲሽ እንዲያነሡልኝ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ኮፈኑ ላይ የሰፌድ ያህል የጠቆረ ማስቲሽ ተጋግሯል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቅዱስ ገብርኤል ስዕል ነበረበት። ደፍሮ የሚያነሣው ስለጠፋ መምሬ ራሳቸው ጸሎት አድርሰው ልጠውታል፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለውም ቤተ ክርስቲያን አኑረውታል። ወረቀቱ ተነሣ፤ ማስቲሹ ቀረ።

"ይህች መኪና ከእኔ ቀድማ ነው የቀሰሰችው" አሉ መምሬ። "ትራፊኩ እንኳ ተሳልሞ ነበር የሚያሳልፋት።"

ዝናሽ አልሳቀችም።

አለሙ ጓንቱን አጠለቀ። የኮፈኑን ግራ ጥግ በመዳፉ መታ አደረገና ከፈተው።

"አባቴ ነበር እንዲህ የሚከፍተው" አለች ዝናሽ።

"ላንድሮቨር ሁሉ እንዲህ ነው።"

ኮፈኑን መልሶ ዘጋው። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሮ ማስቲሹን አለበሰው። የአለሙ አሠራር ቀስ ያለ ነው። በብረት አይፍቅም፤ ማስቲሹ ራሱ እስኪለቅ ይጠብቅና በቀንድ ቁራጭ ገፋ ገፋ ያደርገዋል። ሙያውን የት እንደተማረ ሲጠይቁት "መንገድ ላይ" ብሎ ያልፋል። መኪና ሥር ማደሩን፣ በጥፊ መማሩን፣ አንድ ጣቱን የሞተር ቺንጊያ እንደበላበት አያወራም።

"ቀለም ብቀባበትስ?" አለ። "አንድ ሰዓት አይፈጅም። ምንም አይታይም።"

"እኔ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ማየት ነው የምፈልገው።"

መምሬ ነገሩን አስረዱት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዳምጤ የሚባል ገበሬ ከአርብ ገበያ ሲመለስ መኪና ገጭቶ ገደለው። መኪናው አልቆመም። አገሬው አውጫጭኝ ተቀምጦ አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ ቢያስምል፣ ገዳዩ አልተገኘም። ስዕሉ ኮፈኑ ላይ የታየው በዚያው ሳምንት ነው።

"ታዲያ ማን ገብርኤልን ልጦ ሥሩን ያያል?" አሉ መምሬ። "እኔም ስሳለመው ኖሬያለሁ።"

"አባቴ ሲያጣጥር 'ስዕሉን እንዳትነኩት' አለ" አለች ዝናሽ። "ለዳምጤ ሚስት በየዓመቱ ጤፍ ይልክላት ነበር። ምን ብዬ ልተርጉመው?"

"ደግ ሰው ነበር" አለ አለሙ።

"በዚያ ሳምንት ወባ ጥሎት ነበር። ቀና ማለት አይችልም ነበር ትላለች እናቴ። በዚያ አቅሙ ምን ቆርጦት መሪ ያዘ?"

አለሙ ጨርቁ ላይ ነጭ ጋዝ ጨመረበት።

"ከሥሩ ከተሰረጎደ፣ እሑድ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ይቅር በሉን ብዬ የዳምጤ ልጆች ደጃፍ እወድቃለሁ። ዘመዶቼ አብደሻል ይሉኛል። ያንን ስዕል የለጠፈው ሰው ነው የገደለው፣ ጋሼ። ይህን ይዤ መተኛት አልቻልኩም።"

"ድንጋይ የሚሸከመው ወንድ ነው።"

"ወንድ ልጅ አልወለደም። እንደ ልጁ ያሳደገው ረዳት ነበረው አሉ፤ እሱም በዚያው ዓመት ትቶት ጠፋ። ከእኔ በቀር ማን አለው?"

አለሙ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ፤ መልሶ አለበሰው።

"ገና ነው" አለ። የማስቲሹ ጠርዝ ግን ተነሥቶ ነበር። "ሽታው ይከብዳል፤ ውጭ ተቀመጡ። ሲለቅ እጠራችኋለሁ።"

ወጡ። መምሬ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊታቸውን ገለጡ። ዝናሽ ግቢው ውስጥ ካሉት ድንጋዮች አንዱን አነሣች፤ ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመች። ከበዳትና አወረደችው። ሌላ አነሣች። አለሙ በበሩ በኩል አያት።

ወደ ኮፈኑ ዞረ። የላይኛው ማስቲሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ሌላ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የጠነከረ። ኮፈኑ ለካ ተሰርጉዷል። አንድ ሰው ስርጉዱን በችኮላ ሞልቶ፣ ሳይደርቅ በግራ መዳፉ ደልድሎታል። የመዳፉ መስመሮች እንኳ ሳይጠፉ ቆይተዋል። ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ አንድ ጊዜ ቢያልፍበት አሻራው ይጠፋ ነበር።

አለሙ ጨርቁን ይዞ ቆመ። ውጭ ዝናሽ ሦስተኛውን ድንጋይ ተሸክማ ትራመዳለች፤ እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች። የዚህኛው ክብደት የተስማማት ይመስላል፤ ለብቻው አስቀመጠችው።

አለሙ ጨርቁን ጣሳው ውስጥ ጣለው።

"ዝናሽ" ሲል ተጣራ። "መምሬንም ጥሪያቸው።"

ገቡ። ዝናሽ ስርጉዱን አየች፤ ከዚያ የመዳፉን አሻራ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"የአባቴ እጅ" አለች ቀስ ብላ። "መምሬ፣ የአባቴ እጅ ነው። እሑድ እንሄዳለን።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉ መምሬ።

"ድንጋዩን መርጫለሁ።"

"እሱን ለኔ ተዪልኝ" አለ አለሙ።

ዝናሽ ቀና ብላ አየችው። አለሙ የግራ እጁን ጓንት አወለቀ፤ መዳፉንም አሻራው ላይ አጋደመ። አራቱ ጣቶች ልክ በልክ ገቡ፤ የአምስተኛው ቦታ በእጁም በማስቲሹም ላይ ባዶ ነበር።